በተረት የሚወርድ ድስት

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ሰዓት የሚባል ነገር ስላልነበረ ድስት ከእሳት የሚወርደው በተረት ነበር። ጎመን አጭር ተረት ይበቃዋል፤ ጦጣዋ ከገብስ ጠባቂዋ ሴትዮ ጋር የምትጣላበት። ድንች ትንሽ ረዘም ያለ ይፈልጋል፤ ጅቡ ንስሐ ልግባ ብሎ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እስኪደርስ ድረስ። ጅቡ አጥሩ ሥር ደረሰ ማለት ድንቹ በሰለ ማለት ነው። እናንተ ሳቁ፣ እኔ ግን እውነቴን ነው፤ ዛሬም ድንች በጣድሁ ቁጥር ጅቡ የት እንደ ደረሰ በሆዴ አሰላለሁ።

ይህን ልማድ ያመጡት የአባቴ አክስት እታታ ውዴ ነበሩ። አባቴንና ታናሽ ወንድሙን አየነውን፣ እናታቸው በጨቅላነታቸው ስትሞትባቸው ወስደው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ዐይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አልፈው አያዩም ነበር። ይሁን እንጂ የማድ ቤቱ አዛዥ እሳቸው ነበሩ። ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ ለብቻዋ በቀርቀሃ የቆመች፣ ውስጧ በጭስ የጠቆረ ጎጆ ነበረች። በቀኝ ግድግዳ በኩል የጾም ድስቶች፣ በግራ በኩል የፍስክ ድስቶች ይደረደራሉ። እታታ በዳበሳ እየሄዱም ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ድስት ተሳስተው አያውቁም። ቅቤ የገባበት ሸክላ ቢታጠብ ቢፈተግ ሙቀት ሲያገኘው ቅቤውን መልሶ እንደሚያልብ ስንት ጊዜ ነግረውኛል!

ያኔ፣ ማታ ማታ፣ ውጭውን ጉም ሲውጠው፣ ከብቱ ገብቶ በሩ ገርበብ ሲል፣ እታታ መደባቸው ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው፣ ጎመኑን በጣታቸው እየቀነጠሱ ግማሹን በአገውኛ ግማሹን በአማርኛ ሲያወሩልኝ፣ እኔ ደግሞ ጭሱ ዐይኔን እያስለቀሰኝ የኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ ያ ጥላ ጅቡ እየመሰለኝ ጉልበታቸው ሥር ውሽቅ እል ነበር። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይከለክሉኛል። «ተረቱ ሳያልቅ ክዳኑን እንዳትነኪ!» አንድ ቀን ጅቡ ገና መንገድ ላይ ሳለ ተስገብግቤ ክዳኑን ገለጥሁት፤ ድንቹም ሳይበስል ወጣ። እታታ አልመቱኝም፤ ምነው በመቱኝ! እንግዳ ፊት ጥሬውን ድንች አቅርበው «ብሉ እንጂ፣ ይህን ያበሰለችው ከጅብ የምትፈጥነው ልጃችን ናት» አሉ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ክዳን መንካት እሳት ከመጨበጥ በላይ ያስፈራኝ ጀመር።

ሦስተኛው ተረት የዱባ ነበር፤ እሱን ግን ሰምቼው አላውቅም። ዱባ በእኛ ብርዳም አገር እንደ ልብ አይገኝም፤ ከዳንግላ ዘመድ በአህያ ጭኖ ሲልክ ነው። እሱም ቢሆን በትልቁ ድስት የሚሠራው ለትልቅ የጾም ድግስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተረቱም የሚወራው በስንት ዓመት አንዴ፣ በድግሱ ዋዜማ ማታ ነበር። «የዱባው ይረዝማል፤ ትደርሽበታለሽ» ይሉኝ ነበር እታታ። እኔም ያን ቀን እንደ ሠርግ እጠብቀው ነበር።

ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ መስቀል ዓርብ ዋለ። እንግዲህ እንደምታውቁት ገናና ጥምቀት ካልሆኑ በቀር ዓርብን የሚሽር በዓል የለም። ሥጋውና ቅቤው ለቅዳሜ ይቆያል፤ የበዓሉ ቀን ገበታ ጎመን፣ ድንችና ዱባ ነው። ሌላው መንደር በዚህ ሲያጉረመርም የእኛ ቤት ሰው ግን ሌላ ጭንቅ ላይ ነበር፤ አጎቴ አየነው በዚያ ቀን ከአባቴ ጋር ሊታረቅ ይመጣ ነበር።

የተጣሉት በፈረስ ነው። አጎቴ አንዲት ዳማ ፈረስ ነበረችው፤ ከልጆቹ ለይቶ አያያትም። ታሞ በተኛ ጊዜ አባቴ ሳያስፈቅደው አውጥቶ በጥምቀት ጉግስ ጋለባት፣ እግሯም ተሰበረ። እሱስ በሽማግሌ በበረደ ነበር። የከፋው አባቴ የተናገረው ነው። አጎቴ ሰው መሃል ሲወቅሰው ጊዜ፣ ጥፋተኛ መሆኑን እያወቀ፣ «አንተ ደግሞ ዓርብ ቀን ተደብቀህ ቅቤ የምትውጥ ጾመኛ!» አለው። አጎቴ በዚያ ሕመሙ ለሳሉ መድኃኒት ብሎ አንድ ጊዜ ቅቤ መዋጡን የሚያውቅ አባቴ ብቻ ነበር። ወንድም ለወንድሙ የነገረውን ምሥጢር እንዲያ አድርጎ አደባባይ ማውጣት! አጎቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም። እታታ ውዴ መሃል ላይ ቀሩ፤ ያሳደጉት ልጅ ድምፁ በአጥር ማዶ ሲያልፍ እየሰሙ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አያቸው ነበር። ሽማግሌ የላኩት፣ የለመኑት፣ ያስማሙት እሳቸው ናቸው። «ይህን ሳላይ ከሞትሁ ነፍሴ አታርፍም» ይሉ ነበር።

እናቴ በዚያ ሰሞን አራስ ነበረች። ቤቱ የአራስ ቤት ስለሆነ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ዳስ ግቢው ውስጥ በቀርቀሃ ተጣለ። እንጀራውን ጎረቤታችን ጋገረችልን፤ ለእናቴም ገንፎ አገንፍታ ቅቤ አቀለጠችላትና ቅቤው ያለቀበትን ድስት በግራ ግድግዳ በኩል አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች። አራስ አትጾም፤ ቅቤ የእኛ ቤት የገባው በዚህ ነው። ወጡ ሁሉ ግን በእኔና በእታታ እጅ ነበር።

መከራው የጀመረው ከዱባው ነው። ከዳንግላ በዋዜማው ይደርሳል የተባለው ዱባ ጎርፍ መንገድ ስለ ዘጋበት የደረሰው በበዓሉ ጠዋት፣ ደመራው በንጋት ነዶ ሰው አመዱን ግንባሩ ላይ ተቀብቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ሲወጡ ይመጣሉ። እታታ ዱባውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ጣጅው፤ ሌላ ምን እናደርጋለን» አሉኝ። በቅባኑግ ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ በርበሬውን ጨመርሁ፣ ዱባውን ቆራርጬ ከነውሃው አስገባሁ። ጎመኑና ድንቹ ቀድመው በስለው በየድስታቸው ተቀምጠዋል።

«እታታ፣ ተረቱስ?» አልኋቸው።

በቀን ተረት አይነገርም፤ እሳቸው ራሳቸው በቀን ተረት የሚያወራ ከብቱ ይጠፋበታል እያሉ ያስፈራሩኝ ነበር። ያን ቀን ግን ፊታቸው የፈካ ነበር፤ አራት ዓመት እንዲያ ፈክተው አላየኋቸውም። «ለዛሬ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉና አማተቡ። «እሳቱን አጥፊና በፍም ብቻ ተይው። ተረቱ ሲያልቅ ታወርጂዋለሽ። ሳያልቅ ግን...»

«ክዳኑን አልነካም።»

«ጎሽ፣ የኔ የሺ።»

ጀመሩልኝ። ድሮ፣ ክብሪት ሳይመጣ፣ በአንድ ደጋ መንደር ዝናቡ ቀን ከሌት ወርዶ እሳት ከየቤቱ ጠፋ። ልጆች በብርድ አለቀሱ፣ ሊጥ በየቡሃቃው ቀረ። ሁለት ወንድማማቾች፣ ሁለቱም ጎጆ የወጡ፣ ሁለቱም ሚስትና ልጅ የሚጠብቃቸው፣ እሳት ፍለጋ ከተራራው ማዶ ተላኩ። ማዶ ያገኟት አሮጊት በገል ላይ ፍም ሞልታ፣ በአመድ አልብሳ ሰጠቻቸው። ሲመለሱ ዝናቡ ያዛቸው። ታላቁ ጋቢውን ከገሉ ላይ ዘረጋ፤ ታናሹ ደረቱን አጎነበሰበት። ፍሙ ግን አንድ በአንድ ትሽ እያለ ጠፋ። እታታ ዝናቡን በከንፈራቸው፣ ፍሙን በምላሳቸው ሲያሰሙኝ ፀጉሬ ይቆም ነበር። ወንድማማቾቹ ከሐይቁ ዳር ሲደርሱ ገሉን ገለጥ አድርገው አዩ፤ የቀረችው አንዲት ፍም ናት። ለሁለት ቢከፍሏት ትጠፋለች። መንገዱም ከዚያ ላይ ለሁለት ይለያል፤ የታላቁ ቤት ወደ ቀኝ፣ የታናሹ ቤት ወደ ግራ።

«ታናሹ ታላቁን ቀና ብሎ አየውና» አሉ እታታ፣ «እንዲህ አለው...»

ይኼኔ ከውጭ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?» የሚል ድምፅ መጣ።

የአጎቴ ድምፅ ነበር። የእታታ አፍ ተከፍቶ ቀረ። «አየነው! ልጄ!» ብለው ተነሡ፤ ምርኩዛቸውን እንኳ ሳይዙ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። ከዳሱ በኩል ልቅሶና ሳቅ የተቀላቀለበት ጫጫታ ሰማሁ። አገላብጠው ሲስሙት ታየኝ።

እኔ ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ተረቱ አላለቀማ! ይመለሳሉ፣ ታናሹ ያለውን ይነግሩኛል፣ ከዚያ አወርዳለሁ። ጠበቅሁ። የእግዜርን ሐቅ ልናገር፣ ሽታው ደርሶኛል። መጀመሪያ ጣፋጭ ነገር ሸተተኝ፣ ቀጥሎ መረር አለ፣ ቀጥሎ ጭስ በክዳኑ ዙሪያ ብቅ አለ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አጣብቄ ተረቱን እጠብቃለሁ። አይ ልጅነት! ጥሬው ድንች፣ የእንግዶቹ ሳቅ፣ «ከጅብ የምትፈጥነው» የሚለው ቃል ፊቴ ላይ ነበረ። በመጨረሻ የሆነ ነገር ድስቱ ውስጥ ጧ ሲል ነው ብድግ ያልሁት።

ክዳኑን ስገልጠው ሥሩ ከስሏል፤ ከወገቡ በላይ ያለው ግን ገና ወጥ ነው። ካልገለበጥሁት ምሬቱ ወደ ላይ ይወጣል። በቀኝ ግድግዳ ያሉት ድስቶች ጎመንና ድንች ይዘዋል፤ የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ዞሬ ግራውን አየሁ። ያ የእናቴ የቅቤ ድስት ሰፊና ባዶ ሆኖ ተቀምጧል። ክልክል መሆኑን አላወቅሁም ልበላችሁ? አውቄያለሁ። በፍል ውሃ አለቀለቅሁት፣ በአመድ ፈተግሁት፣ እንደገና አለቀለቅሁት፣ አሸተትሁት፤ አመድ አመድ አለኝ። ደስ አለኝ። ዱባውን ከላይ ከላይ ጨልፌ ገለበጥሁበትና ፍሙ ዳር ትንሽ አሞቅሁት።

ገበታው ቀረበ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ አባቴና አጎቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እታታ በመካከላቸው ሆነው የሁለቱንም ጉልበት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው መርቀው ሲያበቁ «እንግዲህ ታላቅየው፣ ካሳህ ፈረስ አይደለም፤ በእጅህ አጉርሰው» አሉ። አባቴ እንጀራውን ቆረሰ። ከጎመኑ ቢያጠቅስ ምን ነበር? ከድንቹስ? እሱ ግን ወንድሙ በልጅነቱ ዱባ ይወድ እንደነበር ያውቃልና ከዱባው አጠቀሰ። አጎቴም ዐይኑ እንባ አቅርሮ አፉን ከፈተ።

ጉርሻው ከንፈሩ ላይ ደርሶ ቆመ። አጎቴ አሸተተ። አፉን ገጠመና የአባቴን እጅ በቀስታ ወደ ታች መለሰው።

«ቅቤ ነው» አለ።

«ምን?» አለ አባቴ።

«ኮሰረቱ ሳይቀር ይሸታል! አራት ዓመት ሙሉ ስሜን አጥፍተህ፣ ዛሬ ደግሞ በሽማግሌ ፊት አስገድፈህ 'አላልኋችሁም?' ልትል ነው?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ፊታቸው ጠቆረ። ከወጡ ላይ ቢጫ ጠብታዎች ሲዋኙ እኔም ከዳሱ ምሰሶ ሥር ሆኜ አየኋቸው። እታታ ጣታቸውን ከወጡ አስነክተው አሸተቱት፤ ከዚያ ያንን የማያይ ዐይናቸውን ቀጥ አድርገው ወደ እኔ መለሱት። ያረረውንም ቅቤውንም ባንድ ጊዜ እንዳወቁት ገባኝ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ዐይኔ ነው ጉድ የሠራኝ፤ ድስት ተሳሳትሁ» አሉ።

«እርስዎ በጨለማ ድስት የማይሳሳቱ!» አለ አጎቴ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ለእሱ ብለው ይዋሹኛል፣ እታታ?» ተነሣና ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

«እኔ ነኝ» የምትል ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበረች። አንድ ቃል! ሮጬ ከበሩ ላይ ብይዘው፣ አራስ አለችን፣ ድስቱን የቀየርሁት እኔ ነኝ ብለው፣ ነገሩ በሳቅ ባለቀ። አልተናገርሁም። ፈራሁ። አባቴን ፈራሁ፣ ሽማግሌዎቹን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ እንደገና የሰው ሁሉ መሳቂያ መሆንን ፈራሁ። አባቴም ትዕቢቱ ተነሣበትና «ይሂድ! ለምኜ አላመጣሁትም!» አለ። ያ ሁሉ ጎመን፣ ያ ሁሉ ድንች ሳይነካ ቀረ፤ ማታ ላይ ለጎረቤት ልጆች ተሰጠ።

እታታ ለማንም አልተናገሩብኝም። ለእኔም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከሰነበተ በኋላ፣ ማታ ጎመን ጥደን፣ «እታታ፣ ታናሹ ታላቁን ምን አለው?» ብዬ ብጠይቃቸው ጎመኑን እየቀነጠሱ «አለቀ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጦጣዋም ጅቡም አልተወሩም። ድስት ሲደርስ «አውርጂ» ይላሉ፣ በቃ። በሁለተኛው ክረምት ሞቱ። ወንድማማቾቹ ቃሬዛቸውን ግራና ቀኝ ሆነው ተሸከሙ፤ መቃብሩ ላይ ሲደርሱ ግን እንደ ባዕድ ተራርቀው ቆሙ።

እኔ አድጌ ዳንግላ ተዳርሁ፣ ወለድሁ፣ ከበድሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ ወደ ልቅሶው በአውቶቡስ ስመጣ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ድስቱ ነበር። አጎቴ መጥቶ ነበር። ሽበታም ሆኖ፣ በምርኩዝ፣ አባቴ ይተኛበት በነበረው መደብ ጥግ ቁጭ ብሏል። ከስንት ዘመን በኋላ ወደዚያ ቤት መግባቱ ነው። ሰው ቀለል ሲል አጠገቡ ተቀመጥሁና «አያ፣ ያን የመስቀል ዕለት ድስቱን የቀየርሁት እኔ ነኝ። አባቴ አያውቅም ነበር። እታታም አልተሳሳቱም» አልሁት። ሁሉንም ነገርሁት፤ ያረረውን፣ የእናቴን የቅቤ ድስት፣ ተረቱ እስኪያልቅ መጠበቄን። እየተናገርሁ የማለቅሰው ለአባቴ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «የዱባው ተረት ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«የት ላይ ነው የተቋረጠው?»

«አንዲት ፍም ስትቀር። ታናሹ ታላቁን 'እንዲህ አለው' ሲሉ፣ እርስዎ ደረሱ። ይንገሩኝ እስቲ አያ፤ ምን አለው?»

አጎቴ ምርኩዙን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ባዶው መደብ አየ። «እኔም እኮ ከዚያ አልፌ አላውቅም» አለ። «እታታ እዚያ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጠዋት አባትሽን 'ከዚያስ?' ብዬ ስጠይቀው እያሾፈ በየጊዜው ሌላ ሌላ ይነግረኛል። ሳለቅስበት፣ 'እውነተኛውን ስታድግ እነግርሃለሁ' ይለኝ ነበር።»

ከዚያ ቀና ብሎ «ስታድግ አለኝ» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

አጎቴም ከሞተ ቆየ። እኔ ዛሬም መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ዱባ እሠራለሁ፤ ድስቱን ግን አልከድነውም፣ ቆሜ እያየሁት ነው የማበስለው። የልጅ ልጆቼ ከበው ተረት ሲሉኝ እጀምርላቸዋለሁ፤ ዝናቡን፣ ገሉን፣ ጋቢውን፣ አንዲቷን ፍም አልተውም። «ከዚያስ?» ሲሉኝ ተነሥቼ ድስቱን አወርዳለሁ።